አራት ኪዩብ ውሃ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ግን ያን ዕለት ጠዋት ስለ ራሱ የሚወራውን በገዛ ጆሮው ሰማ። የቀኑን የንባብ መዝገብ ሊወስድ መጥቶ የክፍል ኃላፊው ቢሮ ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የኃላፊው ድምፅ፣ «የአክስቱ ቤት ነው። ቆጣሪውን የሚያነበውም እሱ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከስሎ የሷ ግቢ ብቻ እንደ ጫካ ለምልሟል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ግን በወር አራት ኪዩብ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?» ይላል። አንባቢው ለማንኳኳት ያነሳው እጅ አየር ላይ ቀረ። ዝናብ ከጠፋ አምስተኛ ወሩ ነው፤ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የኮሪደሩ ግድግዳ ይፋጃል፣ ጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማራገቢያም ያንኑ ትኩስ አየር ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል እንጂ ለማንም ነፍስ አይዘራም። ኃላፊው ቀጠለ፤ ዛሬውኑ ቦታው ይቆፈር፣ መሥሪያ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይደር፣ ስውር ቱቦ ከተገኘ የሴትዮዋ ውሃ ይቆረጣል፣ ልጁም ከነገ ጀምሮ እንዳላየው አለ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ኪዩብ» ነው የሚሉት። አሥራ አንድ ዓመት ከበር በር ሲዞር ኖሮ የየቤቱን ቁጥር ያለ መዝገብ በቃሉ ይወጣዋል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንዲት አሃዝ አጉድሎ ወይም ጨምሮ አያውቅም። ስለዚህ የኃላፊውን ቃል ሲሰማ ደሙ ሊፈላ ይገባ ነበር። እሱ ግን ከመናደድ ይልቅ ፈራ፤ ለዓመታት በራሱ ልብ ሲመላለስ የኖረውን ጥርጣሬ ሰው አፍ ላይ ስላገኘው ነው። በዚያ ጎዳና ሌሎቹ ቤቶች ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ኪዩብ እየጨረሱ ሣራቸው ይነዳል፣ ሎሚያቸው ይጠወልጋል። አክስቱ አራት ኪዩብ ትጠቀማለች፤ ከአጥሯ በላይ ግን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ ይታያል። ከየት አምጥታ? አንድ ቀንም አልጠየቃትም። ለመጠየቅ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ ከተኳረፉ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል።

አክስቱ የእናቱ ታናሽ ናት፤ እናቱ ከሞተች ወዲህ አብልታ አልብሳ ያሳደገችውም እሷ ናት። ልጅ የላትም። ሠላሳ ዓመት በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ስታጥብ ኖራ፣ ጣቶቿ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ሆነው ጡረታ ወጣች። እሱ ትዳር ይዞ ሚስቱ ስታረግዝ፣ የአንዲት ክፍል ኪራይ የደመወዙን ግማሽ ይበላበት ስለነበር፣ በአክስቱ ጓሮ ባለው ባዶ መሬት ላይ አንድ ክፍል ልሥራ ብሎ ለመናት። «ቦታው ተይዟል» አለችው። ወጥቶ ቢያይ መሬቱን የያዘው ጉልበት የማይደርስ የእሾህ ቡቃያ ነበር፤ አጋምና ኮሽም፣ ማንም ዘርቶት የማያውቅ የዱር ቁጥቋጦ። የእህቷን ልጅ በእሾህ ለወጠችው ማለት ነው። ጎረቤት እየሰማ፣ «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ማለት ይኼ ነው» ብሎ ተርቶባት ወጣ። እሷ መልስ አልሰጠችም። ሚስቱ ስትወልድ ከነጭ አንሶላ የተሰፋ ስምንት የሽንት ጨርቅ በሰው እጅ ላከች፤ ሚስቱ ተቀብላ ተጠቀመችበት፣ እሱ እንዳላየ ሆነ። ልጅቷ ድክ ድክ ብላ፣ አፍ ፈትታ፣ ይኸው አራት ዓመቷን ልትይዝ ነው፤ አክስቱ አላየቻትም።

ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እንዳለ ኃላፊው ሲያነጋግረው የነበረው ተቆጣጣሪ ከቢሮው ወጣና ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ተቆጣጣሪው መሬት ላይ የብረት ዘንግ ተክሎ፣ ጆሮውን በዘንጉ ጫፍ ለጥፎ የቱቦ ፍሳሽ ድምፅ ስለሚያዳምጥ «ዶክተሩ» ይሉታል። እርጋታ ያለው፣ ወገቡን የሚያመው፣ ሃምሳን የተሻገረ ሰው ነው። አንባቢው ሁሉን መስማቱን ከፊቱ አነበበ መሰል፣ ትከሻውን መታ አድርጎ «ና፣ አብረን እንሂድ» አለው። የመሥሪያ ቤቱ ቆፋሪ ሌላ ሰፈር የፈነዳ ቱቦ ሊያወጣ ሄዶ ስለነበር፣ ዶማና አካፋውን ብቻ ፒክአፑ ላይ ጭነው ሁለቱ ወጡ። መንገድ ላይ ዶክተሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀው፤ ግቢውን ከውስጥ አይተኸው ታውቃለህ ወይ አለው። አንባቢው ከተኳረፍን ወዲህ አላየሁም አለ። እውነቱን ነው። ቆጣሪው ያለው አጥሩ ውስጥ በተሠራች ሳጥን ሲሆን ትንሿ የብረት ክዳን ወደ መንገድ ትከፈታለች። በየወሩ ክዳኗን ሲከፍት ከውስጥ የአክስቱ የነጠላ ጫማ ኮቴ ቀጥ ይላል። እሱ ቁጥሩን ይጽፋል። ክዳኗን ይመልሳል። ኮቴው ይቀጥላል። አራት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው የነበረው ዝምድና ይህ ብቻ ነው።

በሩን ያንኳኳው ዶክተሩ ነው። አክስቱ ከፈተች፤ ከስታለች፣ ፀጉሯም ያለቅጥ ሸብቷል። መጀመሪያ ያየችው የእህቷን ልጅ ነው፤ ቀጥሎ ትከሻው ላይ ያለውን ዶማ። ዶክተሩ የመጡበትን ጉዳይ በትሕትና፣ ምንም ሳይደብቅ ነገራት፤ በእሷም በልጁም ላይ ምን እንደተባለ፣ ዛሬ ምን እንደሚያጣሩ። ጨርሶ ሲያበቃ አንባቢው ከጎኑ፣ «ይፈቅዱልን እንደሆነ» ሲል ጨመረ። አክስቱ ቀና ብላ አየችው። እናቱ ከሞተች ጀምሮ «አንቺ» እያለ ነው ያደገው። «እርስዎ» መባሏን ሰምታ ከበሩ ዞር አለችና አሳለፈቻቸው።

ገና የቤቱን ጥግ ዞረው ወደ ጓሮው ሲገቡ አንባቢው የሆነ ሰው በቀዝቃዛ እጅ ፊቱን የዳበሰው መሰለው። ውጭ አስፋልቱ ይቀልጣል፤ እዚህ አየሩ ሌላ ነው። ያ ጉልበት የማይደርስ ቡቃያ ከራሱ በላይ ቆሟል። አጋሞቹ ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ ተቆላልፈው ወፍራም ግድግዳ ሠርተዋል፤ ቅጠላቸው ዘይት የተቀባ ይመስል ያብለጨልጫል፣ ከእሾሁ መካከል ነጭና ሐምራዊ አበባ ፈክቶ ሽታው ያውዳል፣ በዚያው ቅርንጫፍ ላይ የበሰለው ጥቁር ፍሬ ተንጠልጥሏል። ከወዲያ ያሉት ኮሽሞች ብርቱካንማ ድብልብል ፍሬ አዝለው ጎንበስ ብለዋል። ንቡ፣ ቢራቢሮው፣ ስሙን የማያውቀው ሰማያዊ ጥንዚዛ ሁሉ እዚያ ነው። ከተማው ውስጥ የቀረ ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ ተጠራርቶ እዚህች ግቢ የተጠለለ ይመስላል። ዶክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ። አንባቢው ግን የተሰማው ፍርሃት ነው። በአምስተኛው ደረቅ ወር እንዲህ ያለ ነገር ያለ ውሃ አይሆንም፤ በቃ፣ ሰርቃለች ብሎ በልቡ ፈረደባት።

ዶክተሩ ሥራውን ጀመረ። የቆጣሪው ማኅተም አልተነካም። ቧንቧው ሲከፈት መርፌዋ ትዞራለች፣ ሲዘጋ ቀጥ ትላለች። ከአጥሩ እስከ ጓሮው ዘንጉን አሥራ ሁለት ቦታ ተክሎ አዳመጠ፤ ምንም የለም። ቢሆንም ስውር መስመር ከቆጣሪው በፊት ተቀጥሎ፣ ማታ ማታ ብቻ እየተከፈተ ሊሆን ይችላል፤ ትእዛዙም ይቆፈር ነው። የመንገዱ ዋና ቱቦ ወደ ጓሮው ቢታጠፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ በዓይኑ ለካና ከሁሉም የሚልቀው አጋም እግር ሥር ቆመ። እዚህ ጋ፣ አለ። አንባቢው አክስቱን አየ። ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ወይ ትለምናለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ከሣሎን በርጩማ አውጥታ ጥላ ውስጥ ተቀመጠች። «ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብለህ ጀምር» አለችው። ከአራት ዓመት በኋላ የነገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

መሬቱን አንድ ስንዝር የሚሆን የደረቀ ቅጠል አልብሳዋለች። እሱን ገልጦ ዶማውን አሳረፈ። እንደ ሲሚንቶ ይጠነክርብኛል ብሎ ያሰበው አፈር እንደ ዳቦ ገባለት። እየቆፈረ ሲሄድ ከላይ ደረቅ የነበረው አፈር መልኩ ጠቆረ፤ እስከ ጉልበቱ ሲደርስ በእጁ ጨበጥ ቢያደርገው የጣቶቹን ቅርጽ ይዞ ቀረ። እርጥብ ነው። «ቱቦው አለ እንግዲህ» ብሎ፣ ዶማው ከብረት ወይም ከፕላስቲክ ጋር የሚጋጭበትን ድምፅ እየጠበቀ ቀጠለ። ዶማው የነካው ግን ሥር ነው። እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ወደ ጎን ሳይል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ሥር። ተቆርጦ እንዳይደማ ፈርቶ ዶማውን ጣለና በእጁ ዙሪያውን ይፍቅ ጀመር። ለምን እንደፈራለት አያውቅም። ወገቡ ድረስ ገባ። ሥሩ አላለቀም። ከጎኑ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ወጣ፤ ከየአንዳንዳቸው ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ነገር ተበትኖ እያንዳንዷን የአፈር ቅንጣት አቅፎ ይዟል።

ዶክተሩ ከላይ ሜትሩን አወረደ። አንድ ሜትር ከሃያ። ቱቦ ከዚህ በታች አይቀበርም፣ በቃ ውጣ አለው። አንባቢው አልወጣም። የሰማም አይመስልም። ሸሚዙን አውልቆ፣ በጣሳ አፈር እየዛቀ፣ ሥሩን ተከትሎ ወረደ። ደረቱ ድረስ ገብቶም ሥሩ እንደዚያው ወፍራም ሆኖ ወደ ጨለማው ይወርዳል። እዚያ ታች አፈሩ ቀዝቃዛ ነው፣ የዝናብ ሽታ አለው፤ ያለፈው ክረምት ውሃ ሁሉም ሰው በረሳው ቦታ ተኝቶ አለ፣ ሥሩም አግኝቶታል። ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ያለውን። ይህን ያህል ዓመት የሰውን ውሃ ሲለካ ኖሯል፤ እንዲህ ያለ ነገር በእግሩ ሥር መኖሩን የነገረው ሰው የለም። ዓይኑ ለምን እንደሞላ አልገባውም፤ ላብ ነው ብሎ ጠረገው።

«ይኼ ሁሉ እዚህ ታች ነው ያለው?» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

«ከላይ የምታየው ትርፉ ነው» አለች አክስቱ።

ከዚያ ዶክተሩ ሲጠይቃት አንድ በአንድ ነገረችው። ከሆስፒታሉ ወደ ቤት ሠላሳ ዓመት የምትመላለስበት የጫካ ጉብታ ነበር፤ ምሳ ሳትበላ የዋለች ቀን ከዚያ አጋም ለቅማ ነው ቤቷ የምትደርሰው። ለመንገድ ተብሎ ቡልዶዘር ሲገባበት የበሰለውን አጋምና ኮሽም በሽርጧ ሙሉ ለቀመች። የአጋም ዘር አይቆይም፤ ከፍሬው በወጣበት ሰሞን ካልተዘራ ይሞታል፤ ስለዚህ ያንኑ ቀን ማታ በየጣሳው ዘራችው። ከሁለት መቶው አርባ ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሰጠቻቸው የልብስ እጣቢ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ሳሙና አለው፣ ለሽንት ቤት፤ ሁለተኛው ለወለል፤ ሦስተኛው ማለቅለቂያ ግን ንጹሕ ነው፣ ይህንን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሱንም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ግንዳቸው ላይ ሳይሆን ሁለት ክንድ ያህል ርቃ በቆፈረችውና ድንጋይ በሞላችው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምታፈሰው። ሲጠማቸው ፍለጋ ይወርዳሉ። እያሳዘኗት ቶሎ ቶሎ ያጠጣቻቸው ሥራቸው ከላይ ቀርቶ ደረቁ። የክረምት ጎርፍም ከመንገድ ወደ ግቢው እንዲገባ ትተዋለች፤ ያ ያመት ስንቃቸው ነው። ሁለት ዓመት አልፏል ጠብታ ከሰጠቻቸው። ዶክተሩ ጥግ ላይ ያለውን ፍሬ የሌለውን ኮሽም አሳይቶ ይኼስ ምነው አላት። ወንዱ ነው አለች፤ አይወልድም፣ ግን እሱ ባይኖር ሌሎቹም አይወልዱም፤ ቁጭ ብሎ ጥላ መሆኑ አይቀርም፣ ከብዙ ባል ይሻላል። ዶክተሩ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

ሪፖርቱን ሊሞላ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ስውር መስመር፦ የለም። ንባቡ፦ ትክክል ነው። «ምክንያት» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩ ቆመ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው የኖረ ቅጽ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

«እናቴ፣ እዚህ ጋ ምን ልበል?» አላት።

«ሥር ብለው ይጻፉ።»

ጻፈ። ለኃላፊው ስልክ ደውሎ ያየውን ነገረው፤ ኃላፊው አላምንም ያለ መሰል፣ ዶክተሩ ረጋ ብሎ፣ «እንግዲያው መጥተህ ጉድጓዱ ውስጥ ግባ» አለና ዘጋ። ልጁን ለቀሪው ቀን እንደማይፈልገው ነግሮ፣ አክስቲቱን እጅ ነስቶ፣ ፒክአፑን አስነስቶ ሄደ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። አንባቢው ከጉድጓዱ ወጥቶ አካፋውን ሲያነሳ እንደመጣልህ አትመልሰው አለችው፤ የታቹ አፈር ወደ ታች፣ የላዩ ወደ ላይ፣ በየተራው። ክምሩን ለየ። እሷ ተንበርክካ በጣሳ እያቀበለች፣ እሱ ሥሮቹን በእጁ ቦታ ቦታቸው እያስያዘ፣ አንድ ሰዓት ያህል ሠሩ። ጉድጓዱ ሊሞላ ሲል አክስቱ እጇን አራገፈች።

«ያኔ ሰበብ አልነበረኝም» አለች። «ላንተ የሚሆን ክፍል ይወጣው ነበር። ቦታ አልጠበበኝም። እነሱን ወደድኩ። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ደም ሳጥብ ኖሬ፣ አንድ ነገር ከእጄ ሲወጣ ማየት አማረኝ። ለእህቴ ልጅ ይኼን እላለሁ? አፈርኩ።»

አንባቢው አካፋውን ተደግፎ ቆመ። አራት ዓመት ያቄመው በሴራዋ፣ በንፉግነቷ፣ በክፋቷ ነበር፤ ለዚህ ዓይነት መልስ ቂም አላዘጋጀም።

«ብትነግሪኝ ኖሮ…»

«ብነግርህ ኖሮ ትሰማኝ ነበር?»

አሰበ። ኪራዩን፣ የሚስቱን እርግዝና፣ ያኔ የነበረውን ልጅነቱን አሰበ። «አልሰማሽም ነበር» አለ። ቀጥሎም አጎንብሶ፣ «ዛሬም ጠዋት ሰርቃለች ብዬ ነው የቆፈርኩት» ሲል ተናዘዘ።

«ዶማው ሲያርፍ አውቄዋለሁ» አለች። «ኋላ ላይ በእጅህ መጫር ስትጀምር ነው የተውከው።»

ከውስጥ ውሃ በጆግ አመጣችለት፤ ጠጣ። ፍሬ ለቅማ በመዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ጥቁሩ አጋም ጥርሱን በወተቱ አጣበቀው፣ ምላሱን በጣፋጭና በጎምዛዛ መካከል አንከራተተው። እጁ ላይ የእሾህ ጭረት አለ፣ ጥፍሩ ውስጥ ጥቁር አፈር። ፀሐይዋ ከአጥሩ በታች ስትል ወፎቹ መጡ። መጀመሪያ ሁለት ሦስት፣ ከዚያ በየአቅጣጫው እየተንጫጩ፣ ከደረቁት ሰፈሮች ሁሉ፣ እንደተበተነ ዘር ቁጥቋጦው ውስጥ ወረዱ። እያንዳንዷ ከእሾሁ መካከል ለድመት እጅ የማትመች ቦታዋን ታውቃለች። እንደ ልማዱ ሊቆጥራቸው ጀመረ፤ ሰባ ሲደርስ ተምታታበትና ተወው። በሕይወቱ ቁጥር ጠፍቶበት ደስ ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳው በሙሉ ይንጫጫል፣ ቅጠሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ አንድ ሰው ያዘዛቸው ይመስል ባንዴ ጸጥ አሉ። አክስቱ በየምሽቱ ይህን ብቻዋን ታይ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

ሞባይሉን አውጥቶ ሚስቱ ጋ ደወለ። ልጅቷን ይዘሽ ነይ አላት። ወዴት ብትለው አክስቴ ጋ አለ። ሰው ከአራት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ድንገት የሚጠራው ለመርዶ ነው፤ ሚስቱም ያንኑ አሰበች።

«ምን ሆነች?» አለች በቀስታ።

«ምንም አልሆነችም» አላት። «ነይና እይ።»